ኳስ አቀባይዋ

«መነን፣ ኧረ እባክሽ አንድ አፍታ ተቀመጪ!» አሉ ወይዘሮ ጸደንያ፣ የእድሩ ሰብሳቢ። «ለቀስተኛው አንቺን ሊያጽናና መጥቶ ዐይኑ አንቺን ሲከተል ዞረበት እኮ።»

መነን ተቀመጠች። ወንበሩ ሳይሞቅላት ተነሣች። የውሃው በረዶ ቀልጦ እንደሆነ አየች፤ ቀልጧል። በሩ ድረስ ሄዳ መንገዱን ቃኘችና ተመለሰች። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ግቢዋ ሸራ ተወጥሮ፣ ከሥሩ ፍራሽና የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። የሐምሌ ነፋስ ሸራውን እያርገበገበ ትኩስ አቧራ በሰው አናት ላይ ይነሰንሳል። ሁለቱ ቬንቲላተሮች ሙቀቱን ከአንዱ ለቀስተኛ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የፈየዱት ነገር የለም።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ የፅዮናዊት ሣልስት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወድቃ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች፤ ረቡዕ ተቀበረች። እናቷ አገር ቤት ድንኳን ጥለው ያለቅሳሉ። ጅቡቲ ውስጥ ሥጋ ዘመድ ስላልነበራት ለቅሶው የመነን ሆነ። ማን ይውሰደው? የኮሌጅ ጓደኛዋ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጓደኛዋ፣ አራት ዓመት በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ የተኛች፣ እሷ ናት።

ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ። ማክሰኞ ከሰዓት «የካምፓስ ልጆች» የሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መርዶውን ከጻፈች ወዲህ አላረፈም። አንዱ የደበዘዘ ፎቶ ይለጥፋል፤ አሥር ሴት ልጆች ሰፊ ቁምጣ ለብሰው፣ ከፊት ፅዮናዊት ኳስ ታቅፋ። ሌላው፣ «ያ ኮንሰርት ትዝ ይላችኋል?» ይላል። ሦስተኛው፣ «እንዲህ ያለች ልጅ! ደግሞ እኮ በሰው አገር የትልቅ ድርጅት ኃላፊ ሆና ነበር» ብሎ የሚያለቅስ ምስል ይደረድራል።

ይህን የመጨረሻውን ባነበበች ቁጥር መነን ስልኩን ነጠላዋ ሥር ትሸሽገዋለች። ፅዮናዊት ኃላፊ አልነበረችም። ኤሮን ሰፈር፣ ማዳም ሩቅያ የምትባል የሊሴ ትምህርት ቤት አስተማሪ ቤት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጥባ፣ አብስላ፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች የቤት ሠራተኛ ነበረች። ኃላፊ ያደረገቻት መነን ናት።

አሁን ደግሞ የድሮ አሰልጣኛቸው ኮች ታፈሰ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓቱ አውሮፕላን እየመጡ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩ ተንኳኳና አምስት ሴቶች ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጥቁሩ ግን የየራሳቸው አልነበረም፤ አንዷን ይሰፋታል፣ ሌላዋን ያጥራታል። ከፊት የመጣችው ረዥሟ ሎሚ ነበረች። አምስቱም በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ዓርብ ብቻ የሚያርፉ ልጆች ናቸው። «እትዬ ፅዮን! እናታችን!» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ የግቢው ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ።

ለቅሶው ጋብ ሲል መነን ሎሚን ወደ ማድ ቤት ጠራቻት። ምን እንደምትላት ሳታስብ የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ እንደገና ታጥብ ጀመር።

«ሎሚዬ፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣብኛል።»

«እኛ እናስተናግዳለን፣ እትዬ መነን። ለዚሁ ነው ቀድመን የመጣነው።»

«አይ፣ ማለቴ… እናንተም ያለችው አንዲት ቀን ናት። ሙቀቱም እንደምታዪው ነው። እህል ቅመሱና ብትሄዱ አልቀየማችሁም።»

ሎሚ ፊቷን አየቻት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ወደ የመን ለመሻገር መጥታ፣ ጀልባው ጋ ሳትደርስ ጅቡቲ የቀረች ልጅ ናት። ሰው ሳይናገር ምን እንደሚፈልግ ማወቅ እንጀራዋ ሆኗል።

«ሥራችንን እንዳንናገር ነው?» አለች ቀስ ብላ።

መነን ብርጭቆውን አስቀመጠች። «የእሷን ነው» አለች። «የእሷን ሥራ።»

«እሺ። እንቀመጣለን፤ አንናገርም። ሣልስቷን ሳናወጣላት ግን አንሄድም፣ እትዬ።» ሎሚ ብርጭቆዎቹን በሰሃን ደርድራ ወጣች።

መነን ማድ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ከምድጃው በር፣ ከበሩ ምድጃ ተመላለሰች።

ያኔ የተማሩበት የመምህራን ኮሌጅ ሜዳ በባሕር ዛፍ የተከበበ ስንጥቅጥቅ ሲሚንቶ ነበር። መነን ረዥም ስለሆነች «መሰላል» ይሏታል፤ ኳስ ሲመጣባት ግን ትደነግጥ ነበር። አጭሯ ፅዮናዊት እያነጠረች ስትመጣ ዐይኗ ወደ ግራ ያያል፣ እጇ ወደ ቀኝ ያቀብላል። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ መነን ተስፋ ቆርጣ ጫማዋን ስትፈታ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና፣ «መኒ፣ ኳሷን አትፈልጊያት። ቦታሽ ላይ ብቻ ተገኚ። እኔ አመጣልሻለሁ» አለቻት።

አመጣችላትም። በኮሌጆች ውድድር ፍጻሜ፣ በአንድ ነጥብ እየተመሩ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ፣ ፅዮናዊት ኳሷን ይዛ ከቅርጫቱ ሥር ደረሰች። ራሷ መወርወር ትችል ነበር። ሁለት ተከላካዮች ሲዘሉባት በክንዳቸው ሥር አሾልካ ለመነን ሰጠች። መነን አስቆጠረች። ተማሪው ሜዳውን ጥሶ ገብቶ መነንን በትከሻው ተሸከመ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ስታይ፣ ፅዮናዊት ከሰው መሀል ተጎንብሳ የተፈታ ጫማዋን ታስር ነበር።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ የምግብ አዳራሹ ጠረጴዛዎች ተገፍተው ኮንሰርት ተደረገ። ሞንታርቦው ከከተማ በኪራይ የመጣ፣ ኪቦርዱ የአንድ መዝሙር ቤት ነበር። ፅዮናዊት ሁለተኛ ዘፈኗ ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ወንዶቹ ማፏጨት ሲጀምሩ እሷ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ያለ ማይክ ቀጠለች። መጀመሪያ ከፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ቀስ በቀስ አንዱ የምግብ ትሪውን መታ፤ ሌላው ተከተለው፤ ስምንት መቶ ተማሪ በጨለማ በትሪ አጀባት። መብራቱ ሲመጣ ግንባሯን በመዳፏ ጠርጋ፣ «በሉ አሁን ለሚዘፍነው ስጡ» ብላ ማይኩን ለሌላ አቀበለች።

እንዲህ ያለችው ልጅ ናት ሰባት ዓመት አስተምራ፣ ትዳሯ ፈርሶ፣ ዐረብ አገር እሻገራለሁ ብላ ጅቡቲ የመጣችው። መነን ያኔ ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ የጉምሩክ ሰነድ ትሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ናት። ፅዮናዊት ባሕሩን ቆማ አየችና፣ «ይቅርብኝ መኒ፤ እዚሁ ሥራ ፈልጊልኝ» አለች። የተገኘው የማዳም ሩቅያ ቤት ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ሁለት የኮሌጅ ጓደኞቻቸው ለሥልጠና ጅቡቲ መጥተው፣ መነን እዚያው መሀል ከተማ ባለው ሜኔሊክ አደባባይ ካፌ ጋበዘቻቸው። ፅዮናዊት የማዳምን ልጆች ግራና ቀኝ ይዛ ደረሰች። «ልጆችሽ ናቸው?» አሏት። እሷ አፏን ሳትከፍት መነን ቀደመቻት።

«የአለቃዋ ልጆች ናቸው! የውጭ ድርጅት ውስጥ የአስተዳደር ኃላፊ ናት እኮ!»

ፅዮናዊት መነንን አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ አስተናጋጁ ዞራ በፈረንሳይኛ ለልጆቹ አይስክሬም አዘዘች። ሲለያዩ ግን መንገድ ላይ እስኪያማት ሳቀች። «የአስተዳደር ኃላፊ! ደግሞ አልዋሸሽም፤ እነዚህን ሁለቱን ማስተዳደር ቀላል መሰለሽ?» መነንም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሣም። እንግዶቹ አገር ቤት ተመልሰው ግሩፑ ላይ ጻፉት፤ እዚያው ጸደቀ።

ኮች ታፈሰ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ። የስልሳ ዓመት ሰው ሆነዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በር ላይ ቆመው፣ «ፅዮኔ! አንቺ ቀልጣፋ! ምነው በዚህስ ቀደምሽን!» ብለው ሲጮኹ መነን እግራቸው ሥር ወደቀች። አነሧት። ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ውሃ ጠጡ። ሎሚ ምግብ አቀረበችላቸው። መነን አጠገባቸው ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«እናንተስ የኔ ልጆች፣ ከየት ነው የምታውቋት?» አሏቸው ኮች፣ አምስቱን ሴቶች እያዩ።

ሎሚ ወደ መነን አየች። «ቤተ ክርስቲያን ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

ኮች ታፈሰ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣ «ሎሚ አንቺ ነሽ?» አሉ።

ሎሚ ደነገጠች። «እንዴት አወቁኝ?»

«ረዥም ናት፣ በግራ እጇ ታነጥራለች፣ ኳስ ስትመጣባት ዐይኗን ትጨፍናለች ብላኛለች።» እጃቸውን ወደ ሌሎቹ አራት ሴቶች ዘረጉ። «ዓርብ ዓርብ አርሂባ ሰፈር ሜዳ ላይ ነበር አይደል የምታጫውታችሁ? ‹ኮች፣ አምስት ልጆች አሉኝ፤ ከየማዳሞቻቸው ቤት ደክሟቸው ነው የሚመጡት፤ ገና ቡድን አልሆኑም› ትለኝ ነበር።»

አምስቱም በአንድ ጊዜ አለቀሱ። ሎሚ አፏን በነጠላዋ ብትይዘውም አልሆነላትም። «ሆነን ነበር!» አለች፤ «ባለፈው ዓርብ እኮ ሆናችሁ ብላን ነበር!»

መነን የምትገባበት ጠፋት። «ኮች… ያውቁ ነበር?»

«በየወሩ ትደውልልኝ ነበር። ምን ደበቀችኝ ብለሽ? የማዳሟን ልጆች ስም አውቀዋለሁ፤ የሴትዮዋን ጠባይ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ግሩፑ ላይ ሁሉም ኃላፊ፣ ኃላፊ ሲል ምነው ዝም አሉ?»

ኮች ታፈሰ የምግቡን ሰሃን ገፋ አደረጉ። «ልጽፍ ብዬ ነበር። እሷ ናት የከለከለችኝ። ‹ይተዉት ኮች› አለችኝ። ‹እኔን የሚጎዳኝ ነገር የለም። ከጻፉ ግን መኒ በሰው ፊት ውሸታም ትሆንብኛለች።›»

ሸራው ተርገበገበ። መነን አላለቀሰችም። ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ከርማ፣ አሁን እንባዋ የት እንደሄደ አታውቅም። ተነሥታ ወደ ሎሚ ሄደች፤ ከፊቷ ተንበረከከች።

«ቅድም ያልኩሽን…»

«ይተዉት፣ እትዬ መነን። ሣልስት ነው ዛሬ።»

«አልተወውም። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አንድም ቀን አላፈረችም። እናንተንም ከቤቴ ላስወጣ ነበር። ይቅር በዪኝ።»

ሎሚ እጇን ይዛ አነሣቻት። መነን እንደቆመች ስልኳን አወጣችና በጣቷ ጻፈች፦ «ፅዮናዊት ጅቡቲ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ኃላፊ ናት ያልኳችሁ እኔ ነኝ። እሷ አላለችም።» ላከችው። መልሱን አልጠበቀችም፤ ስልኩን ዘግታ ኪሷ ከተተችው።

አሥር ሰዓት ላይ መነን፣ ኮች ታፈሰና ሎሚ ታክሲ ይዘው የፅዮናዊትን ዕቃ ሊያመጡ ኤሮን ሄዱ። ማዳም ሩቅያ ራሷ በሩን ከፈተች። ረቡዕ ቀብሩ ላይ መጥታ፣ መነን «አለቃዋ ናቸው» ብላ ነበር ለሰው ያስተዋወቀቻት። አሁን ዐይኗ አብጧል። ከፅዮናዊት በለመደችው አማርኛ፣ «ግቡ፣ ግቡ» አለቻቸው። ልጆቹ ወደ ፅዮናዊት ክፍል ሰው አናስገባም ብለው በሩ ሥር እንደሚተኙ ነገረቻቸው።

ክፍሏ ትንሽና ንጹሕ ነበር። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ሲከቱ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። መነን ሻንጣውን ዘግታ ስትዞር ማዳም ሩቅያ አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።

«ላይ…» አለች በጣቷ ወደ ጣራው እያሳየች። «እዚያ ነው የወደቀችው። ልብስ ስታሰጣ። ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም። አልቻልኩም።»

ኮች ታፈሰ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ስላላቸው ከታች ቀሩ። መነንና ሎሚ ወደ ሰገነቱ ወጡ። ሁለት አንሶላና አራት የልጅ ሸሚዝ ገመዱ ላይ ተሰቅለው የባሕሩ ጨውና አቧራው እንደ ካርቶን አድርቋቸዋል። ከሥራቸው የፕላስቲክ ሳፋ አለ። ውስጡ ያልተሰጡ ሦስት የልጅ ሸሚዞች እንደተጨመቁ፣ የፅዮናዊትን እጅ ጥምዝ እንደያዙ ደርቀዋል።

«እኔ ላንሣው፣ እትዬ» አለች ሎሚ።

«አይ።»

መነን የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች። ቧንቧውን ከፍታ ሳፋውን ሞላችው። ሸሚዞቹ ውሃ እስኪጠጡ፣ ጥምዛቸው በራሱ እስኪፈታ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። ከዚያ አንዱን አሸችው፤ አለቀለቀችው፤ ጨመቀችው። ገመዱ በፅዮናዊት ቁመት ልክ ዝቅ ተደርጎ የታሰረ ነው። ጎንበስ አለችና ሸሚዙን ዘረጋችው፤ ኮሌታውን በጣቷ አቃናች፤ ሁለተኛውን አነሣች።