በመልመጃው ግርጌ የነበረው ስም

ባለቤቴ መልከጼዴቅ እስኪያርፍ ድረስ ለአንድ የተማሪዎች ድረ ገጽ የሒሳብ መልመጃዎችን ያዘጋጅ ነበር። ጥያቄው አንዴ ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩንና ሰብሉን እየቀያየረ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በጌዴኦፋ ያወጣዋል። እሱ የጌዴኦ፣ የቡሌ ልጅ ነው። ቡና በየዓመቱ እንደሚለቀም፣ እንሰት ግን ዓመታት ቆይቶ አንዴ ተነቅሎ ለቆጮ እንደሚፋቅ ፕሮግራሙ እንዳይስት ደንብ አበጀለት። እኔ ሒሳቡን አርም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የድረ ገጹ አስተባባሪ ፍሬዘር ደንቡን ከፕሮግራሙ አወጣው።

«እትዬ ሳሮን፣ የድረ ገጹ ምረቃ ደርሷል፤ በደንቡ ከሄድን የጥያቄው ቁጥር ያንሳል። የጋሼ ስም ግን ከግርጌ ይቆያል፤ ለመታሰቢያ።»

መልመጃው በተማሪዎች ሲሞከር ለማየት ቡሌ ወዳለ ትምህርት ቤት ወጣሁ። መምህር ታረቀኝ ጥያቄውን ግድግዳው ላይ አሳየ፤ አንዲት ተማሪ ጮክ ብላ አነበበችው። አንዲት ገበሬ ያንኑ አንድ እንሰት በዓመት ሦስት ጊዜ ብትፍቅ፣ በአራት ዓመት ስንት ጊዜ ትፍቀዋለች?

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ቲቸር፣ ተፍቆ ያለቀውን ከየት አምጥታ ነው የምትፍቀው?»

«ተበድራ!» አለ ከኋላ ያለው።

ታረቀኝም እየሳቀ ግርጌውን አነበበ። «መልከጼዴቅ… ይሄ ሰውዬ እንሰትን በሥዕል ነው መሰለኝ የሚያውቀው።»

ልጆቹ ስሙን እየተቀባበሉ ሳቁ። ሚስቱ ነኝ አላልኩም። «ይታረማል» ብዬ ወጣሁ።

ዲላ እንደተመለስኩ ፍሬዘር ቢሮ ገባሁ።

«ደንቡን መልሰው።»

«ከምረቃው በኋላ እናየዋለን። እንግዶቹ እንደሆነ ጌዴኦፋ አያነቡም፤ የሚያዩት ብዛቱን ነው።»

«እንግዲያው ስሙን አውጣ።»

«እትዬ! ሰው ለሟቹ መታሰቢያ ይለምናል፣ እርስዎ ያስነሳሉ?»

«እናቱ ቡሌ ናቸው። የወንድሞቹ ልጆች በዚህ ሊማሩ ነው።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «እኔ እጄን አላስገባም። ራስዎ ያጥፉት።»

ከመጨረሻው ፊደል ጀምሬ ወደ ኋላ አጠፋሁ። የመጀመሪያዋ «መ» ብቻ ስትቀር ጣቴ ትንሽ ቆመ። እሷንም አጠፋኋት።

«አሁን ማን አዘጋጀው ልንል ነው?» አለ ፍሬዘር።

«ያንተን ጻፍበት።»

ድረ ገጹ ሲመረቅ ከፍቼ አየሁት። ፍሬዘር የራሱን ስም አልጻፈም።