የቁም ሳጥኔ በር

ልጄ ኤቨራልድ የቁም ሳጥኔን በር ከነቀለ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በሩን የፈለገው ለስፒከር ሳጥን ነው። ስፒከሮቹን ከፈረሰ ሲኒማ ቤት አምጥቶ የተቀደደ ወረቀታቸውን በአሮጌ ስቶኪንጌና በሙጫ ጠገነው። የመጋዝ ብናኝ ገንፎዬ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

እዚህ ኪንግስተን ውስጥ ደረት የማይመታ ሙዚቃ፣ ሙዚቃ አይባልም። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ሊንቫል መጥቶ የልጄን ስፒከሮች ሊሰማ ነው። እሱ ስፒከር በካሚዮን ጭኖ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚያስጨፍር ሰው ነው። ከወደዳቸው ሳጥኖቹንም ልጄንም ይዞ ይሄዳል። የኤቨራልድ አባትም “መጣሁ” ብሎ ካሚዮን ላይ እንደወጣ ነው የቀረው።

ቅዳሜ ኤቨራልድ ሳጥኖቹን ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን አቁሞ ከፈታቸው። ዘፋኙ ይሰማል፤ ደረት የሚመታው ቤዙ ግን የለም።

ጎረቤቴ አይቪ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ “ምነው ኤቨራልድ፣ ትንኝ ነው እንዴ የከተትክበት?” አለችው።

“ከባልሽ ማንኮራፋት ይሻላል!” አልኳት።

ልጄ አልሳቀም። ግራውን ብቻ አጫወተ፤ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ስኒዎች ተንጫጩ። ቀኙን ብቻ አጫወተ፤ አሁንም ተንጫጩ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያጫውት ግን ስኒዎቹ ዝም።

“ሙጫው ጉድ ሠራኝ፣ እማዬ!” ብሎ አጠፋው፤ መልሶ ከፈተው። ሲከፈት ዱብ ይላል። ያኔ አየሁ፤ የግራው ወረቀት ወደ ውጭ ሲገፋ የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ።

ዝም ብል ጋሼ ሊንቫል ባዶውን ይመለሳል፣ ልጄም ቤት ይቀራል። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ የተጠረገውን ደረጃ መልሼ ጠረግኩ። ኤቨራልድ ወረቀቱን ቀዶ ሊያወጣ ቢላ አነሳ። ከመንገዱ ጫፍ የካሚዮን ጥሩምባ ተሰማ።

“ተው!” አልኩት። “አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። አንሶላ ስናጥፍ አንተ ወደኔ ስትመጣ እኔ ወደ ኋላ ብሸሽ ይታጠፋል?”

ትንሽ አፍጥጦ አየኝና ግንባሩን መታ። ለውበት ብሎ ጀርባቸውን ሁሉ ጥቁር ሲቀባ፣ ገመዱ የቱ ጋ እንደሚገባ የሚያሳየውን ቀይ ምልክትም ሸፍኖታል። የቀኙን ገመዶች አቀያየራቸው።

ጋሼ ሊንቫል ከካሚዮኑ ሲወርድ ቤዙ መጣ። ደረቴን መታኝ። አንድ ስኒ ከመደርደሪያው ወድቆ ተሰበረ። አይቪ አጥሩ ላይ ሆና ወገቧን ያዘች።

ጋሼ ሊንቫል ደረቱን በመዳፉ ይዞ ሳቀ። “ና፣ ጫን! ምን ትጠብቃለህ?”

ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ኤቨራልድ ካሚዮኑ ላይ፣ ሳጥኖቹ መሃል ቁጭ ብሏል።

“ሰኞ ትመለሳለህ?”

“ሰኞ፣ እማዬ።”

“የቁም ሳጥኔ በርስ?”

አንድ ነገር አለኝ፤ የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። እስኪታጠፉ ድረስ ሳጥን የሆነውን ያንን በር ብቻ አየሁ። ከዚያ ገብቼ፣ ከተረፉት ስኒዎች ሁለት አጥቤ ለሰኞ አስቀመጥኩ።