«እግሬን ተቆርጫለሁ»

ሰዓት ሠሪው ጠመንጃ ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እናቱ ማንበብ ስለማትችል የልቡን የሚጽፈው ለአብሮ አደጉ ለአናጢው ነበር። አናጢውም የሰፈሩን ወሬ ይጽፍለታል፤ ማን አገባ፣ የማን ቤት ተቃጠለ፣ የማን ልጅ ወደ ወዲያኛው ወገን ገባ። ጨዋታ አዋቂ ነውና ሰዓት ሠሪው ምሽግ ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ጓደኞቹ «ይሄስ ለየለት» ይሉት ነበር።

አንድ ቀን መቶ አለቃው የተቀደደ ፖስታ ይዞ ጠራው።

«ጓደኛህ ከአፈሳ ተደብቄያለሁ ይልሃል። የት ነው?»

«አላውቅም ጌታዬ። ደብዳቤ የምልክለት በአክስቱ በኩል ነው።»

«እንግዲያው የሚያስወጣው ነገር ጻፍለት። ከመጣ ዐሥር ቀን ፈቃድ ትወጣለህ። ካልጻፍክ ከነገ ጀምሮ ፈንጂ ለቃሚዎቹ ጋ ነህ።»

ሰዓት ሠሪው ፈንጂ ለቃሚዎቹን ያውቃቸዋል። ባለፈው ወር ስምንት ነበሩ፤ አሁን ሦስት ቀርተዋል። ቁጭ ብሎ ጻፈ። «እግሬን ተቆርጫለሁ። ከተማችን ሆስፒታል አምጥተውኛል። ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? እሑድ ከሰዓት ና፣ አንተ ትነግርልኛለህ።»

መቶ አለቃው አንብቦ ሳቀ። «አንተስ ሰው ታስለቅሳለህ!»

አናጢው መጣ። ሆስፒታሉ በር ላይ ወታደሮች ሲይዙት አንድ ከረጢት ብርቱካንና አዲስ ምርኩዝ ይዞ ነበር። ብርቱካኑን እዚያው ተካፈሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ምልምሎቹ ከመኪና ሲወርዱ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኙ። አናጢው ክንዱን ዘርግቶ ሊያቅፈው መጣ፤ መንገድ ላይ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ሁለቱንም ጫማዎች አየ። ክንዱን አጠፈ።

«ምርኩዙን በቁመትህ ልክ ነበር የሠራሁት» አለው።

ሰዓት ሠሪው «ስማኝማ፣ አስገድደውኝ...» ብሎ ጀመረ። አናጢው ዕቃውን አንሥቶ ወደ ሰልፉ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አላናገረውም። ለሌሎቹ ሲቀልድ፣ ሲያስቃቸው ይውላል፤ ሰዓት ሠሪው ሲጠጋ ተነሥቶ ይሄዳል። የፈቃዱም ነገር «ከማጥቃቱ በኋላ» ተባለ።

ማጥቃቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አናጢው ሆዱን ተመታ። ሰዓት ሠሪው በደረቱ እየተሳበ ደረሰለትና ቁስሉን በሁለት እጁ ያዘ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አለሁልህ።»

አናጢው ዓይኑን ገልጦ አየው። ከላዩ ሊያነሣ የሰዓት ሠሪውን እጅ ገፋ፤ አቅም አልነበረውም።

«ሌላ ሰው ጥራልኝ» አለ።

ሰዓት ሠሪው ሌላ ሰው ሊጠራ ሄደ። ሁለት ይዞ ሲመለስ አናጢው ሞቶ ነበር።