የበቱል ቤት ደጃፍ

ልጅ ሳለሁ ከግድግዳው ማዶ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንዷ እናቴ ነበረች፤ ሌላዋ አክስቴ ሳትሆን አትቀርም። «ባልሽ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች አንዷ። ሌላዋ የትራሱን ጫፍ እንደምትነክስ ነገረቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። የምትነክሰው የትኛዋ እንደነበረች ዛሬ አላስታውስም። ሳቁ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

በእኛ ከተማ በከሰላ ሴት ልጅ ገና በሕፃንነቷ ትገረዝና ትሰፋለች። ስትወልድ አዋላጇ ትከፍታታለች፤ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ደግሞ መልሳ ትሰፋታለች። ባልም እንደ አዲስ ሙሽራ ወርቅ ያስርላታል። አላህ አሳምሮ የፈጠረውን በምላጭና በክር የሚያርም ሰው ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ምን ብሎ እንደሚለምን አላውቅም።

ጎረቤቴ ኢሕሳን ሁለተኛ ልጇን እንደወለደች አማቷ ሐጃ በቱል አዋላጇን ለማግሥቱ ቀጠረች። ልጠይቃት ብገባ ኢሕሳን ታለቅሳለች። ከመጀመሪያው ስፌት ወዲህ ባሏ በቀረባት ቁጥር እንደምትደማ፣ ሽንቷ እንደሚያቃጥላት፣ የእግሩን ኮቴ ስትሰማ የተኛች እንደምታስመስል ነገረችኝ።

«እሱ ነው አሉ ያስሰፋኝ። ሐጃ ናት የነገረችኝ።»

ራሱ ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ወንድ እንዲህ ያለውን ለሚስቱ ይናገራል እንዴ?»

«ለእናቱስ ይናገራል?»

ከዚያ ባሏን ሙዕተሲምን ጠራችው። ለመውጣት ብነሳ እጄን ያዘችኝ፤ ፊቴን ወደ ሕፃኑ አዞርኩ። ጆሮዬን ግን አልደፈንኩም። «ያስሰፋኸኝ አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ?» አለ ሙዕተሲም። «እናቴ፣ አንቺ ራስሽ የፈለግሽው ነው አለችኝ። ወርቁንም ደስ እንዲልሽ ብዬ ገዛሁ።»

«በቁስሌ ላይ ስትተኛ ኖርክ» አለችው። «ጀርባዬን ስሰጥህ ደግሞ ጠላችኝ ብለህ አኮረፍክ።» የወርቅ አምባሩን አውልቃ እግሩ ሥር ጣለችው።

ሐጃ በቱል ከበሩ ሆና ሰምታ ኖሯል። «በሴት ጉዳይ የሚገባ ወንድ ተገኘ? ይህን የለበስኩትን የሴት ቶብ ላልብስህ እንዴ፣ ልጄ?» አለች።

ሙዕተሲም አንገቱን ደፋ። ንዴቴን መዋጥ ስላቃተኝ፣ ለተሰፋች ሚስቱ ወርቅ ሲገዛ ያላፈረ ወንድ አሁን ምን ያሳፍረዋል አልኩ።

ኢሕሳን ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። «ነገ ሱቅ አትሄድም። ደጁ ላይ ተቀምጠህ አዋላጇን በገዛ አፍህ ትመልሳታለህ። እናትህ እያየች።»

ሙዕተሲም እናቱን አየ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ የወደቀውን አምባር።

«እመልሳታለሁ» አለ።