ጋሽ ፍሬን እና የኮከቡ ጫፍ

ልብስ ሰፊዋ ከደረጃ ወድቃ ቀኝ እጇ ሲሰበር፣ ያንገበገባት ሕመሙ አልነበረም። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች፤ ለሕፃኑ የጀመረችለት ብርድ ልብስ ግን ገና ግማሹ ነው። ተራ ብርድ ልብስ አይደለም። ከዓመታት ስፌት የተረፉ ቁርጥራጮችን እየገጣጠመች፣ በእያንዳንዱ ካሬ መሃል ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የምታወጣበት ነው።

"እኔ እሰፋዋለሁ" አለ ባሏ።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ድንገት ፍሬን እየያዘ ተሳፋሪውን እርስ በርስ ሲያላትም ስለኖረ፣ ሰፈሩ "ጋሽ ፍሬን" ይለዋል። እንኳን ኮከብ ሊሰፋ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ተክሎ አያውቅም።

"አንተ?" ሳቋ አመለጣት።

"ምን ያስቅሻል? መኪና መኪና ነው።"

ተቀመጠና የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠው። መኪናው ተንጣጣ፤ ጨርቁ ተጨማዶ መርፌው ስር ተወተፈ።

"ቀስ በል እንጂ! ተሳፋሪ ሊያመልጥህ ነው እንዴ?"

እንደ ምንም ብሎ የመጀመሪያውን ኮከብ ጨረሰና ደረቱን ነፍቶ አቀረበላት። መነጽሯን አድርጋ አገላበጠችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኮከብ ነዋ!"

"ጫፎቹስ የት ሄዱ? ይሄ እኮ ድንች ነው።"

እውነቷን ነበር። ኮከቡ የሚገጣጠምባቸው ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች ሹል ጫፎች ስፌቱ ውስጥ ተውጠው ቀርተዋል።

"ተርትረው" አለችው።

ተርትሮ እንደገና ሰፋው። አሁን ደግሞ ጫፎቹ ዳር ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀሩ።

"ተርትረው።"

"ሕፃን እኮ ነው የሚተኛበት! ሕፃን ጫፍ ይቆጥራል?"

"እኔ እቆጥራለሁ!"

ጋሽ ፍሬን ጨርቁን ወርውሮ፣ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ንዴቱ እስኪበርድለት ሰፈሩን ዞረ። ሲመለስ ግን በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስቱ በጄሶ የታሰረ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ በግራዋ ስፒል ልትሰካ ትታገላለች። ስፒሉ ይወድቃል፤ ታነሳዋለች፤ ይወድቃል። ጣቷ ደምቷል፤ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ተይው በናትሽ። አመመሽ?"

"ጣቴን ማን አስታወሰው! ለልጄ ያልሰፋሁላት ነገር የለም። የልጅ ልጄን ባዶ እጄን ልቀበል ነው?"

ወንበሩን ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። "በይ ከሀ ጀምረሽ አስተምሪኝ። አልቆጣም።"

መጀመሪያ መኪናው ላይ፣ ከመርፌው በስተቀኝ፣ ቀጭን ፕላስተር አስለጠፈችው። "መርፌውን አትመልከት። የጨርቁን ዳር በዚህ ፕላስተር ልክ አስኪደው።" ይሄስ ገባው፤ የፊት ጎማውን እያየ የሚነዳ ሹፌር የለም። ካውያውንም ወዲያ ወዲህ ሳይገፋ ከላይ ብቻ እንዲጫነው ነገረችው፤ ሲገፋ ሦስት ማዕዘኑ ይለጠጥና ይጣመማል። ከዚያ ቁራጩን በጀርባው ገለበጠችው።

"ሁለቱ ስፌቶች የሚተላለፉበት ይታይሃል? ጫፉ እዚያ ነው። መርፌህ በመገናኛው አናት ላይ፣ በአንዲት ክር ያህል ወደ ዳር ብሎ ይለፍ። ወደ ውስጥ ከገባህ ጫፉን በላኸው ማለት ነው።"

መገናኛው ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ፤ ፔዳሉን በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ነካ አደረገው። ጨርቁን ሲዘረጉት ሹሉ ጫፍ ልክ ስፌቱ ላይ ደርሶ ቆሟል።

"እሰይ የኔ ጌታ!" ብላ ግንባሩን ሳመችው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፍሬንን ማን ይቻለው! እሷ "ደህና ነው፣ እለፈው" ያለችውን መስኮት ላይ ወስዶ ይመረምርና "ተዛብቷል" ብሎ ይተረትራል። ሊጠይቋት የመጡ ጎረቤቶችን ሳይቀር አስቁሞ የስፌቱን ጀርባ ያሳያል። ጓደኞቹ ካርታ እንጫወት ሲሉት "ሥራ ላይ ነኝ" ይላል።

ልጅቱ ሆዷን አስቀድማ ስትመጣ ብርድ ልብሱ አልቆ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ኮከቦቹን አንድ በአንድ ዳሰሰችና ሰማያዊው ላይ እጇን አሳረፈች።

"እማዬ፣ ይሄ ነው ያንቺ እጅ! አባዬ የሰፋው ይሄ ጠማማው ነው አይደል?"

እናትየዋ ባሏን አየችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ጢሙ ግን ይንቀጠቀጣል።

"ሰማያዊው የአባትሽ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ጠማማው የኔ ነው፤ እጄ ሳይሰበር በፊት፣ ስቸኩል የሰፋሁት።"

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። "ኧረ ተዉኝ፣ እዚሁ ልወልድ ነው!" አለች ልጅቱ ሆዷን ደግፋ።

በሰላም ወለደች፤ ሴት። ሕፃኗም ብርድ ልብሱ ላይ በተኛችበት በመጀመሪያው ቀን መሃል ላይ ሸናችበት። ሴቶቹ ሲደነግጡ ጋሽ ፍሬን "አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ይታጠባል" ብሎ አነሳው። ራሱ አጠበው፤ ራሱም፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው፣ የኮከቦቹን ፊት ወደ መንገዱ አዙሮ አሰጣው።