ስምንት የያዘው ቱቦ

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በእንጅባራ ላይ የተኛው ጭጋግ ገና አልተነሣም፤ ካፊያውም አላባራም ነበር።

መካኒኩ አስማረ በጡረተኛው በመምህር ባንተአምላክ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሏል። መኪናዋ እርሱ ፊደል በቆጠረበት ዘመን የተሠራች፣ ነጭ፣ ጀርመን ሠራሽ ናት። መምህሩ ጫግኒ ይሠራ ከነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ የገዟት ልጃቸው ቤዛዊት በተወለደች ዓመት ነው። በከተማው ከቀሩት እኩዮቿ የሚለያት አንድ ነገር ነው፤ ካርቡራቶር የላትም። ከታንኩ ጎን የተቀመጠ ፓምፕ ቤንዚኑን በኃይል ገፍቶ ወደ ሞተሩ ይልከዋል፤ እዚያም ይረጫል።

“አገኘኸው?” አሉ መምህሩ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ያዙ ጎንበስ ብለው።

“አገኘሁት። ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ ነው፣ መምህር። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቤንዚን ያልበዋል።”

“ምን ያህል ነው እሱ?”

“አንድ ክንድ አይሞላም።”

“ለአንድ ክንድ ጎማ ነው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት? ቁረጥና ግጠምልኛ!”

አስማረ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ በአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩትን ሰው አያቸው። ለእርሳቸው አንድ ነገር ማስረዳት ያኮራውም ያሳፍረውም ነበር።

“እዚህ የሚገባ ቱቦ ሁለት ነገር መቻል አለበት። ቤንዚን እንዳይበላው፣ ግፊት እንዳያፈነዳው። የመኪና ጎማ በግፊት መለኪያ ሁለት ተኩል ቢሞሉት ይበቃዋል፤ ይህ ፓምፕ አምስት ይገፋል። ሁለቱንም የሚችለው ባሕር ዳር አለ። ደውያለሁ፤ ማክሰኞ ይደርሳል። እስከዚያ ባይነዷት ነው የምመክርዎ።”

“ማክሰኞ? እሑድ ምን እንዳለ ጠፋህ?”

አልጠፋውም። እሑድ የመምህሩ አንዲት ልጅ ቤዛዊት ትዳራለች። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከዳንግላ በመጡ ጊዜ መምህሩ ጥሎሽ አልጠየቁም። የጠየቁት ልጃቸውን ከደጃቸው እስከ ዳንግላ በራሳቸው መኪና፣ ራሳቸው ነድተው እንዲያደርሷት ብቻ ነው። አማት ሾፌር ሲሆን ታይቶ አይታወቅምና ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ፤ ግን ተስማሙ። ይህን በከተማው ያልሰማ የለም።

አስማረ ከመደርደሪያው አንድ የማርማላታ ጠርሙስ አወረደ። የሚገዛውን ጎማ ሁሉ ከጫፉ ቆርጦ ቤንዚን ውስጥ ማሳደር ልማዱ ነው። ያበጠውን ጥጃ ማሰሪያ ይሁናችሁ ብሎ ለገበሬዎች ይሰጣል፤ ያላበጠውን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ከጠርሙሱ ያወጣት ቁራጭ እንደ ገባች ነበረች።

“ይህ ቤንዚን ይችላል። ለካርቡራቶር የተሠራ ነው። አምስት መቻሉን ግን እንጃ። በአየር መፈተን ነበረበት።”

ሁለቱም ወደ ቀርከሃው አጥር አዩ። በዚያ ሰፈር ያለው ኮምፕሬሰር አንድ ነው። ያለውም ከአጥሩ ማዶ፣ ጎማ በሚጠግነው በጎሚስታው በይኸነው ግቢ ነው።

አስማረና ይኸነው አጥር ሳይለያቸው ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከስድስት ዓመት በፊት ከግቢያቸው የወጣ አንድ ሚኒባስ በጥሊሊ መንገድ ላይ የኋላ ጎማው ወልቆ ማሳ ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም። ብሎኑን ሳያጠብቅ የተወው ግን እርሱ ነው ብለው አንዱ በሌላው ላይ ማሉ። በቅዱስ ሚካኤል ማኅበራቸው የተኳረፈ ሰው ከጽዋው አይቀምስም። ቄሱ ታረቁ ቢሏቸው፣ ከመታረቅ ይልቅ ሁለቱም ማኅበሩን ተዉ። አጥሩ የታጠረው በዚያው ሳምንት ነው።

“በል አምጣው፤ እኔ እወስደዋለሁ” አሉ መምህሩ።

“ይውሰዱት። እኔ ግን አልላክሁዎትም።”

“ሁለት ሽበታም ሰዎች በእኔ ዕድሜ ተላላኪ ታደርጉኛላችሁ!” እያሉ ወጡ።

አስማረ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ አዳመጠ። ኮምፕሬሰሩ ተነሥቶ አጓራ። ቀጥሎ እንደ ጅራፍ የጮኸ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ የይኸነው ሳቅ።

“መምህር፣ ይህን የሰጠዎት ሰው ይወድዎታል ወይስ ይጠላዎታል? አራት ሳይሞላ ተተረተረ እኮ! ይልቅ ይህን ይዩ። የራሴ የአየር ቱቦ ነው፤ ስምንት ይይዛል። ዓይንዎ እያየ ልሙላው?”

ኮምፕሬሰሩ እንደ ገና አጓራ። በዚህኛው ጊዜ የተሰማው ጭብጨባ ነው።

መምህሩ ሲመለሱ ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ በካፊያው ውስጥ ነበር የመጡት።

“አስማረ፣ ልጄ፣ አይክፋህ። እሱ ይሥራት።”

አስማረ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ያ ቱቦ ቤንዚን ገብቶበት ያውቃል ወይ የሚል። ጥያቄው ምላሱ ላይ ደርሷል፤ ሳቁ ግን ገና ከጆሮው አልወጣም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመምህሩ መዳፍ ላይ አኖረው።

“ይቅናዎት” አለ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ቀዩን ቱቦ በቀርከሃዎቹ መካከል አየው። ይኸነው ግራና ቀኙን በፋሸታ፣ በብረት ማሰሪያው፣ አጥብቆ አሰረው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ አስማረ ይህን ለራሱ አልካደም። ስለ አየር ከሆነ በአውራጃው ይኸነውን የሚያህል የለም። አየር ግን ጎማ አይበላም፤ ይኸነውም በቤንዚን የተበላ ጎማ የሚያይበት ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። ከቱቦው የተረፈው ቁራጭ በአጥሩ ሥር ቦዩ ውስጥ ወድቆ ነበር። አስማረ ግራ ቀኙን አይቶ አነሣው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁራጩ አብጦ በጠርሙሱ አፍ አልወጣ አለ። በፒንሳ ጎትቶ አወጣው። የውስጡ ጎማ በጣቱ ቢነካው እንደ ተቀቀለ ዱባ ፈረሰ፤ ቤንዚኑም ጠቁሮ ነበር።

ቁራጩን መልሶ፣ ጠርሙሱን ከጃኬቱ ሥር ሸጉጦ መጀመሪያ የሄደው ወደ ይኸነው በር ነው። ይኸነው ደጁ ላይ ተቀምጦ ለባጃጅ ሾፌሮች የሐሙሱን ይተርካል።

“ገና አየሩን ብልክበት፣ ቧ! የአስማረ ጎማ ተተረተረ። መምህሩ ደንግጠው ጃንጥላ ዘረጉብኝ፣ ወንድሜን!”

ሾፌሮቹ በሳቅ ወደቁ። አስማረ የያዘው ጠርሙስ ያን ሳቅ ሊገለብጠው ይችል ነበር። ግን “ና እስቲ፣ ይህን እይ” ማለት ነበረበት፤ ለዚያ ሰው የሚናገረው የስድስት ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ሊሆን ነው። እግሩ ከደጁ አላለፈም። ዞሮ ወደ መምህሩ ቤት አቀና።

ድንኳኑ ተተክሏል፤ ከበሮው ይመታል። መኪናዋ ታጥባ፣ በሪባንና በአበባ ተሸልማ በር ላይ ቆማለች። መምህሩ ሲያዩት ተነሥተው አቀፉትና ከጎናቸው አስቀመጡት።

“ተቀይሞ ይቀራል ብዬ ነበር እኮ! ሽታዬ፣ ለአስማረ ጠላ!”

“መምህር፣ የመጣሁት ስለ መኪናዋ ነገር…”

“እህ?” አሉ ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዙ ቆመው። “በመድኃኔ ዓለም! በሠርግ ዋዜማ፣ ሙሽራ በተቀመጠችበት ቤት፣ ሟርት ልታሰማን መጣህ?”

“ሟርት አይደለም እትዬ፤ ቱቦው…”

“ቱቦው ስምንት ይዟል፤ በዓይኔ አይቻለሁ” አሉ መምህሩ፣ ጉልበቱን መታ መታ እያደረጉ። “አንተ አምስት ይበቃል አልኸኝ፤ እሱ ስምንት ሰጠኝ። በሒሳብ የትኛው ይበልጣል?”

“ጎረቤቱ ሥራውን ወሰደበታ!” አለ ከማዶ የተቀመጠ የሙሽራዋ አጎት። “እሱ ነው ያንገበገበው! ጠላውን ቶሎ ስጡት፣ ይብረድለት!”

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እትዬ ሽታዬም ሳቁ፤ ግን በአንድ እጃቸው አማተቡ።

ጠርሙሱ ከጃኬቱ ሥር ሆዱን ያቀዘቅዘው ነበር። አውጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ቢያኖረው ሌላ ቃል ባላስፈለገው። ይህን ያውቃል። አንድ ነገር ግን ከለከለው። መጀመሪያ እፍረት መሰለው፤ ኋላ ጠላውን ሲቀምስ እፍረት ብቻ እንዳልሆነ ገባው። እነርሱ ስምንት የያዘውን መርጠዋል፤ ከነምርጫቸው ይሁኑ የሚል ሐሳብ ነበር። ጠላውን ጨልጦ ጠጣና ተነሣ። ማንም አልያዘውም።

እሑድ አጃቢዎችን በጫነው ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ከውዱ ጎን ተቀመጠ። ቢቀር ቅናቱን አረጋገጠ ይሉኛል ብሎ ነው የሄደው። የመምህሩ መኪና ከፊታቸው ትሄዳለች፤ በኋላ መስታወቷ የቤዛዊት ነጭ ቬሎ ይታያል። ሰማዩ ጠርቶ፣ አስፋልቱም ደርቆ ነበር። የአዲስ ቅዳምን ከተማ እንዳለፉ ከመኪናዋ ሥር የሚወርድ ቀጭን እርጥብ መስመር አስፋልቱ ላይ አየ።

“ውዱ፣ ጥሩምባ! ጥሩምባ ንፋ፤ አስቁማቸው!”

“ታዲያ ምን እየነፋሁ መሰለህ?”

ውዱ ከእንጅባራ ከወጡ ጀምሮ እጁን ከጥሩምባው አላነሣም። ከኋላ ያሉት መኪኖችም ሁሉ ይነፋሉ፤ ሠርግ ነው። መምህሩ ግራ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው አወዛወዙና እርሳቸውም ነፉ።

“እንግዲያው ቅደማቸውና ፊታቸው ቁም!”

“ሙሽራ ይቀደማል? አብደሃል እንዴ?”

“ቤንዚን እየፈሰሰ ነው! እየው!”

ውዱ አንገቱን አስግጎ አየ። ፊቱ ተለወጠ፤ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። እሳቱ ከኋላ ጎማው ሥር የተነሣው በዚያን ጊዜ ነው።

መኪናዋ ቆመች። ሙሽራው በራሱ በኩል ወጣ። በቤዛዊት በኩል ያለው በር ግን እንቢ አለ። መምህሩ ዞረው የጋለውን እጀታ ያዙት፤ ሳይለቁት ጎተቱት፤ በሩ ሲከፈት ልጃቸውን አቅፈው አወጧት። የቬሎዋ ጫፍ ይነድድ ነበር። በመዳፋቸው ጨምቀው አጠፉት። ከመንገዱ ዳር ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች አካፋቸውን እንደ ያዙ ሮጠው መጥተው በመኪናዋ ላይ አፈር ጫኑባት። ቤዛዊት ምንም አልሆነችም፤ አባቷን ብቻ እያየች ትጮህ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስማረ መምህሩ ወደ ተኙበት ወደ ዳንግላ ሆስፒታል ሄደ። ሁለቱ እጆቻቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። እትዬ ሽታዬ ሾርባ ሊያመጡ ወጥተው ነበር፤ በክፍሉ ሌላ ሰው የለም።

“አስማረ።”

“አቤት መምህር።”

“ቅዳሜ የመጣኸው ምን ልትለኝ ነበር?”

አስማረ ዓይኑን ወደ አልጋው እግር አወረደ።

“እንኳን ደስ ያለዎት ልል ነው የመጣሁት” አለ።

መምህሩ አተኩረው አዩት። በአምስተኛ ክፍል፣ ተማሪ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ መልስ ሲጽፍ እንዲህ ነበር የሚያዩት፤ አይቆጡም፤ ራሱ እስኪያርመው ይጠብቃሉ። አስማረ አላረመውም። እትዬ ሽታዬ ሾርባውን ይዘው ገቡና ለመጠየቅ ስለ መጣ መረቁት።

በሳምንቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁለቱን ባለ ግቢዎች ጠሩ። ጥፋቱ ከማን እንደ ሆነ ይጣራ አሉ።

“ስምንት ይዟል” አለ ይኸነው፤ ድምፁ እንደ ሐሙሱ አልነበረም። “ሰው እያየ ነው የሞላሁት። ምን አጠፋሁ?”

ሽማግሌዎቹ ወደ አስማረ ዞሩ። ስለ ጠርሙሱ ቢናገር ይኸነው ይወድቃል። ቀጥሎም ጠርሙሱን ቅዳሜ የት ይዞት እንደ ዋለ የሚጠይቅ አይጠፋም።

“መኪናዋ አርጅታ ነበር” አለ።

ይኸነው ቀና ብሎ አየው። ለስድስት ዓመት ሲሸሹ የነበሩ ዓይኖች ተገናኙ።

“እውነቱን ነው” አለ ይኸነው ቀስ ብሎ። “አርጅታ ነበር።”

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ያረጀ ብረት ተከሶ አያውቅም፤ ካሣም አይጠየቅም። ከዚህ ሁሉ መዓት እርቅ ወጣበት እያሉ አመሰገኑ፤ በሉ ተቃቀፉ አሏቸው። ተቃቀፉ። ይኸነው አለቀሰ፤ አስማረ አላለቀሰም። ያንኑ ሳምንት አጥሩን ነቀሉት፤ ቀርከሃውንም እኩል ተካፈሉት።

በሰኔ የቤዛዊት ጋብቻ በማዘጋጃ ቤት ሲመዘገብ መምህር ባንተአምላክ ቀኝ እጃቸው ብዕር አልይዝ ስላለ በምስክርነት በግራ እጃቸው ፈረሙ።