የግንቡን ቀዳዳ የደፈነው ማን ነው

ልብስ ሰፊዋን ዓይኗ እየከዳት ነበር። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋት፤ ቀጥሎ የአዝራር ቀዳዳ ጠፋት፤ አሁን ደግሞ የሰው ፊት ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ እየመሰለ ነጭ ሆኖ ብቻ ይታያታል። እሷ ግን ብዙም አልተከፋችም። «ዕድሜ ልኩን ዓይኔ ሲሠራ ጣቴ አጠገቡ ሆኖ ይማር ነበር፤ አሁን ተራው የጣቴ ነው» ትላለች። ጣቷም የዋዛ አልነበረም። ጨርቅ ዳሰስ አድርጋ ስንት ጊዜ እንደታጠበ ታውቃለች፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ቆንቋና መሆን አለመሆኑን ትናገራለች።

በጣቷ የማትተማመንበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። እሱም ግንቡ ነው።

ከከተማው ዳር፣ ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በነበረው ግቢ ውስጥ፣ አንድ የጡብ ግንብ ቆሟል። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ሠራተኞቹን ከማሽናቸው አስነስተው እዚያ ግንብ ሥር አሰልፈው ረሸኗቸው። ፋብሪካው ፈረሰ፤ ግንቡ ግን ከነጥይት ቀዳዳው እንዲቆም ተደረገ። የማን ጥይት የት እንዳረፈ የሚያውቅ አልነበረምና፣ ጦርነቱ ያበቃ ሰሞን የሟች ቤተሰቦች፣ እንግዳ በበዛበት ቤት መኝታ እንደሚደለደል ሁሉ፣ ቀዳዳዎቹን ተከፋፈሉ። ይኼ የባሌ፣ ያ የአባቴ ተባባሉ። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ልጃገረድ ነበረች። ግንቡን አንዴ ቃኘት አደረገችና «ይኼኛው የወንድሜ ነው» አለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን ዋዜማ ትመጣለች። ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከትታ የዓመቱን ወሬ ትነግረዋለች፤ ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ቀሚስ እንዳጠረ። በዕለቱ ግን አትመጣም። «ንግግር ይበዛዋል፤ ወንድሜ ደግሞ ንግግር ሲበዛ እንቅልፍ ይወስደው ነበር» ነው ምክንያቷ።

አምና ቀዳዳውን ያገኘችው በጭላንጭል እያየች ነበር። ዘንድሮ ያላት ጣት ብቻ ነው። ጣቷ ቀዳዳውን ካጣው ወንድሟን የምታገኝበት ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ፎቶግራፉም ቢሆን ለእሷ ከእንግዲህ ወረቀት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ግንበኛው ልጇ አጠገቧ ተቀምጧል። ከሥራ ቦታ በቀጥታ ስለመጣ ጭቃ ጭቃ ይሸታል።

«እማዬ፣ ዘንድሮስ ቢቀር?»

«ምኑ?»

«ጣት መክተቱ። የሞት ቀዳዳ ነው እኮ። አንድ ቀን ባልዲዬን ይዤ ሄጄ ድፍን ነው የማደርገው።»

«ድፈነውና ጡቴን እንዳልጠባህ እቆጥረዋለሁ።»

«ስቀልድ ነው።»

«እኔ አልቀለድኩም።»

ሾፌሩ በመስታወት አያቸውና ሳቁን ዋጠ።

የግቢውን በር የከፈተላቸው ዘበኛው ነው። ሰዉ ሁሉ ጄኔራል ይለዋል። ውትድርናን በሩቁም አያውቀው፤ ማዕረጉን የሰጠው ሁለት ረድፍ የናስ አዝራር የተደረደረበት ካፖርቱ ነው። አዝራሮቹን የተከለችለት እሷ ስለሆነች፣ ሹመቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ ትላለች።

«እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ጎንበስ ብሎ። ወደ ልጇ ሲዞር ግን ድምፁ ተለወጠ። «አንተን ደግሞ ምን እግር ጣለህ?»

«ሚኒባስ ነው የጣለኝ። ምን ሆነሃል?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። የሆነው ግንቡ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መልሱን አልጠበቀችም። መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። ሣሩ ጉልበቷን ይዳስሳታል፤ አበባው ቀሚሷ ላይ ዱቄቱን ያራግፋል። ያ መሬት መጀመሪያ ሰሞን ምንም አያበቅልም ተብሎ ነበር። አበቀለ። እዚያ ያለውን አበባ መቁረጥ ደግሞ ሰው ሁሉ ስለሚፈራ፣ በከተማው ውስጥ እንደ ግንቡ ሥር አበባ ተንደላቆ የሚኖር አበባ የለም።

ጡቡ ጋ ስትደርስ መዳፏን ለጠፈችበት። ፀሐይ ሲሞቀው ስለዋለ ለብ ብሏል። ከረጅሙ ስንጥቅ ተነሥታ ወደ ግራ፣ በደረቷ ትክክል ሄደች። ጣቷ የለመደውን ጉድጓድ ሲጠብቅ ጭቃ ነካ። ትንሽ ዝቅ አለች፤ ጭቃ። ወደ ጎን ሄደች፤ አንዱ ቀዳዳ ተከፈተላትና ልቧ ዘለለ፤ ጥልቀቱ ግን የወንድሟ አልነበረም። ቀጥሎ ያለውም ጭቃ ሆነ።

«ጄኔራል፣ ግንቡን ምን አደረጋችሁት?»

«እኔን አይጠይቁኝ፣ እትዬ። ልጅዎን ይጠይቁት። እደፍነዋለሁ እያለ ሲዝት ያልሰማ የለም። ይኸው በየቀኑ አንድ ሁለት እየደፈነ ግማሹን ጨረሰው። እጁን ይዩት።»

እጁን ያዘች። ጥፍሩ ሥር ጭቃ አለ። ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ለግንበኛው ከጥፊ ይልቅ ያ መለቀቅ ባሰበት።

«እማዬ፣ ግንበኛ ነኝ፤ ጥፍሬ ሥር ምን እንዲኖር ፈለግሽ፣ ሽቶ? ደግሞ ይኼ የእኔ ሥራ ነው? እስኪ ዳስሺው። ውሃ ልክ አያውቅ፣ ቱንቢ አያውቅ።»

«ቀዳዳ ለመድፈን ውሃ ልክ ምን ያደርጋል?» አለ ጄኔራል።

«ለአንተ ምንም አያደርግም። እኔ ግን ስሜ የሚጠራበትን ሥራ እንዲህ አድርጌ…» አለና ግንቡን ቀረብ ብሎ አየው። ባርኔጣውን አውልቆ ይበልጥ ቀረበ። «ቆይ፣ ቆይ። ሥራውስ መጥፎ አይደለም። ጭቃው በወንፊት የተነፋ ይመስላል፤ አንዲት ጠጠር የለበትም። ዙሪያውን እየዞረ ነው የለሰነው። ማን ነው ይኼ ሰውዬ? እኔ ጋ ሥራ አለው።»

«ራሱን በራሱ ሲያመሰግን ይሰማሉ፣ እትዬ?»

በዚህ መሐል አንድ ነገር ጥዝ እያለ በልብስ ሰፊዋ ጆሮ አጠገብ አለፈ።

«እማዬ፣ እንዳትነቃነቂ።»

«ምንድን ነው?»

«ተርብ» አለ ጄኔራል። ድምፁ አሁን ከበስተኋላዋ ነበር የሚመጣው፤ አዝራሩ እየተንቃጨለ ግቢው ውስጥ ወዳለው ግራር ዛፍ አፈግፍጓል።

«ወገቡ እንዴት ነው?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ።

«የወገብ ልክ ነው የጠየቅኋችሁ። ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ወፍራም» አለ ልጇ። «ኧረ እንዲያውም ወገብ የለውም።»

«እንግዲያውስ ንብ ናት። ተርብ ወገቧን አጥብቃ ካላሰፋች አይሆንላትም። ንብ ሰፋ ያለ ነው የሚመቻት።»

ንቧ ያዘችውን ትንሽ የጭቃ ድቡልቡል ተሸክማ ግማሽ የተደፈነ ቀዳዳ አፍ ላይ አረፈች። ጭቃውን አስቀመጠች፤ በአፏ ጫን ጫን አደረገችው፤ እየዞረች ለሰነችው። ከዚያ ተነሥታ በረረች። ግንበኛው በዓይኑ ተከተላት። ሩቅ አልሄደችም። ከዘበኛው ቤት ጎን ያለው ቧንቧ ሥር፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነው መሬት ላይ አረፈች። ሌሎች ጓደኞቿም እዚያው ናቸው፤ እያንዳንዷ ድርሻዋን እየቆረሰች ትነሣለች።

«ጄኔራል» አለ ግንበኛው በቀስታ፣ «ቧንቧህ ያፈሳል።»

«ይጠገን ብዬ አመልክቻለሁ። ዛሬ ነገ ይሉኛል።»

«እና ጭቃውን የሚያቀብለው ማን ሆነና ነው?»

ጄኔራል ጉሮሮውን ጠረገ። አንዱን አዝራር ፈታ፤ መልሶ ቆለፈው። «ወንድሜ፣ ሰው ይሳሳታል» አለ። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። የልጇን እጅ ፈልጋ አገኘችና ጭቃውን በአውራ ጣቷ ከጥፍሩ ሥር ጠረገችለት። ልጇም ሳቀ።

ከዚያ ግን ሳቋ እየቀዘቀዘ ሄደ። «እሺ፣ ሁላችሁም ነጻ ናችሁ» አለች። «ወንድሜ ግን የትኛው ነው?»

ጄኔራል ኪሱን ዳበሰና ረጅም ሚስማር አወጣ። «እሱ ቀላል ነው፣ እትዬ። አለቃዬም ለነገ ሁሉም ተከፍቶ እንዲጠብቀኝ ብሎኛል። አሁኑኑ እንጎረጉረዋለን።» ከዳር ያለውን፣ የእኔ ነው ባይ የሌለውን አንዱን ጀመረ። ጭቃው ተፈረካከሰ። ጄኔራል አየት አድርጎ እጁን ሰበሰበ።

«ምን አለው?»

«ቢጫ ዱቄት አለው፣ እትዬ። የአበባ ዱቄት መሰለኝ፣ ተድበልብሎ። ላዩ ላይ… ነጭ ነገር አለ። የሩዝ ፍሬ አትሞላም።»

«እንቁላል ናት» አለ ግንበኛው።

«ስንቅ ቋጥራለታለች ማለት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቋጥራ፣ በር ዘግታ፣ ሥራዋን ሄደች።» ጥቂት አሰበች። «ዝጋው። ያንን ሚስማርም ካፖርትህን ሳይቀድብህ አስቀምጠው።»

ግንበኛው ወደ ቧንቧው ሄዶ ቁንጥር ጭቃ አመጣ። በትንሿ ጣቱ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የፈረሰውን በር መልሶ ደፈነ። ሕፃን ሆኖ የእናቱን እጅ ሲይዝ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም ነበር።

«አሁን እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ» አለ ጄኔራል።

ልብስ ሰፊዋ እነሱን መስማት ትታ ነበር። ወንድሟን እያሰበች ነው። በሩን ለመንገደኛ ሁሉ እየከፈተ፣ የእሷን አልጋ ለእንግዳ ለቆ እሷን መሬት የሚያስተኛው ወንድሟን። ስትቆጣው ይስቅባታል። ሲስቅ ደግሞ ያ ጠርሙስ በጥርሴ ልክፈት ብሎ የሸረፈው ጥርሱ ይታያል።

ጥርሱ።

ያኔ ልጃገረድ ሳለች ይኼኛው ነው ያለችው ለምን እንደነበር አሁን ትዝ አላት። የቀዳዳው ከንፈር በአንድ በኩል ተሸርፎ ነበር። ሲስቅ መስሎ ታይቷት ነው። ከዚያ ጣቷ በየዓመቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ብቻ ለምዶ ከንፈሩን ረሳው።

እንደገና ከስንጥቁ ጀመረች። አሁን ጥልቀት አትፈልግም፤ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ፣ የኮሌታ ስፌት እንደምትፈትሽ ሁሉ፣ በጣቷ ጫፍ ትዞራለች። ድቡልቡል። ድቡልቡል። ይኼም ድቡልቡል። ሁለቱ ወንዶች መቀለዱን ትተው እጇን ያያሉ። ከዚያ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አደናቀፈው፤ ተመለሰ፤ ደግሞ አደናቀፈው። ሸራፋ።

«አንተ» አለች።

መሐሉ ላይ ያለው ጭቃ ገና እርጥብ ስለነበረ ጣቷ ሰርጎድ አለበት። ወዲያው እጇ ዙሪያ ጥዝታ ተነሣ።

«እማዬ፣ ጣትሽን አንሺላት። በሯ ላይ ቆመሽባታል።»

ጣቷን አነሣች፤ ከሸራፋው ጠርዝ ላይ ግን አልራቀችም። ንቧ ጭቃዋን ይዛ ገባች፤ ጣቷ ያጎደጎደውን እያጉረመረመች ሞላችው። የክንፏ ነፋስ ልብስ ሰፊዋን ያኮረኩራታል።

«አሁንም እንግዳ አስገብተሃል ማለት ነው» አለችው ወንድሟን። «ምን አለ፣ ዘንድሮ እንኳ አልጋው የእኔ አይደለም።» ከዚያ ወሬዋን ጀመረች። ማን እንዳገባ ነገረችው። ዓይኗ እንደደከመ ነገረችው። የእህቱ ልጅ ዛሬ ባልሠራው ሥራ ተከስሶ እንደነበር፣ ከዚያም ሠርቶት እንደተመሰገነ ነገረችው። ወሬው ሲያልቅ ንቧም በሯን ጨርሳ ነበር።

ልትሄድ ስትል ጄኔራል በሣሩ መሐል ከኋላዋ መጣ። «እትዬ፣ ነገ አለቃዬን ምን ልበለው? ቤተሰቦቹስ? የእኛ የት ሄደ ቢሉኝ?»

«እኔ እመጣለሁ። ለእያንዳንዱ አስረዳለሁ።»

«ነገ? ንግግር አለ እኮ።»

«አሳጥሩት በላቸው። ልጆች ተኝተዋል።»

ግንበኛው አብሯቸው አልነበረም። ዞር ሲሉ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ ጭቃ በጣቶቹ መሐል እያሸ አገኙት።

«ቧንቧውን ልታጠብቅልኝ ነው?» አለ ጄኔራል ደስ ብሎት።

«ተወው፣ ይንጠባጠብ» አለ ግንበኛው ቀና ሳይል። «ሠራተኞቹ ገና አልጨረሱም።»